የቅንጦት ሃይብሪድ ሲመርጡ፦ ሙሉ ሃይብሪድ፣ በሶኬት የሚሞላ ወይስ ባለ 48 ቮልት?

የቅንጦት ሃይብሪድ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከባዱን ወጪ አይነካም። በዚህ ደረጃ ባሉ መኪኖች ላይ ገንዘብ በብዛት የሚወጣው በሁለት በኩል ነው፦ የመኪናው ዋጋ በየዓመቱ በመውረዱና ዋስትናው ካለቀ በኋላ በሚመጣው ጥገና። ነዳጅ ከነዚህ ኋላ ይሰለፋል። ስለዚህ ምርጫውን ከሁለት ሌሎች ጥያቄዎች ይጀምሩ። መኪናውን ስንት ዓመት ሊይዙት አስበዋል? ማታ ሲያቆሙትስ አጠገቡ ሶኬት አለ? ለእነዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ሰው የቀረው ሥራ ቀላል ነው።

ሦስቱ ዓይነቶች

ከኋላው «ሃይብሪድ» የሚል ምልክት የተለጠፈበት መኪና ሁሉ ውስጡ አንድ አይደለም።

ሙሉ ሃይብሪድ የሚባለው ሶኬት የማያውቀው ነው። ቤንዚን ብቻ ይቀዱለታል፤ ባትሪውን እየሄደና ፍሬን ሲያዝ ራሱ ይሞላል። በቅንጦት መኪኖች ዘንድ ይህን መንገድ የቀደደው ሌክሰስ ነው። በ2005 ያወጣው አርኤክስ 400ኤች የመጀመሪያው የቅንጦት ሃይብሪድ ኤስዩቪ ሲሆን፣ ቴክኖሎጂው ቶዮታ በ1997 በፕሪየስ ካስተዋወቀው የመጣ ነው። አርኤክስ 450ኤች፣ ኢኤስ 300ኤችና ኤንኤክስ 350ኤች የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

በሶኬት የሚሞላው፣ ብዙ ሰው ፕላግ ኢን የሚለው፣ ትልቅ ባትሪ ይዞ ለተወሰነ ርቀት ቤንዚን ሳይነካ ይሄዳል። ባትሪው ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንዳደገ ለማየት የቢኤምደብሊው ኤክስ5ን መመልከት ይበቃል፦ በ2015 ሲጀመር 9 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ) ነበር፣ በ2019 24 ሆነ፣ በ2023 ደግሞ 29.5 ደረሰ። ቮልቮ ኤክስሲ90 ቲ8፣ ፖርሽ ካየን ኢ-ሃይብሪድ፣ በናፍጣ የሚሠራው መርሴዲስ ጂኤልኢ 350ዲኢ እና ሌክሰስ ኤንኤክስ 450ኤች ፕላስ እዚህ ይመደባሉ።

ሦስተኛው ባለ 48 ቮልቱ ማይልድ ሃይብሪድ ነው። ትንሽ ባትሪና ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው፤ እነሱም በአብዛኛው ዋናውን ሞተር ያግዛሉ እንጂ መኪናውን ብቻቸውን አይነዱም። ስለዚህኛው ብዙ አልልም። ወጪው ሃይብሪድ ካልሆነ የቅንጦት መኪና ወጪ ብዙም ስለማይለይ «ሃይብሪድ ነውና» ተብሎ የሚጨመርበትን ዋጋ አይክፈሉ። አንድ ነገር ብቻ ይወቁ፦ መርሴዲስ በ2017 እንዳወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ባሉት ላይ፣ ሞተሪኖም ዲናሞም ሆኖ የሚሠራው ክፍል በሞተሩና በካምቢዮው መሐል ነው ያለው። እሱ ከተበላሸ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ካምቢዮ ከወረደ ደግሞ የእጅ ዋጋው ቀላል አይሆንም።

ነዳጅና መብራት

ሙሉ ሃይብሪድ የሚቆጥበው ከተማ ውስጥ ነው። ቆም ሄድ በሚበዛበት መንገድ ላይ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሙቀት ሆኖ ይባክን የነበረው ኃይል ወደ ባትሪ ይመለሳል፤ ትራፊክ መብራት ላይም ሞተሩ ይጠፋል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት ረጅም መንገድ ላይ ግን ብልጫው ይሳሳል፤ እዚያ ኃይል የሚበላው የአየር ግፊቱ ነው፣ ፍሬንም ብዙ ስለማይያዝ የሚመለስ ነገር የለም። ኑሮው አውራ ጎዳና ላይ የሆነ ሰው ለሃይብሪድነት ብዙ ገንዘብ ባይጨምር ይሻላል።

በሶኬት የሚሞላው ላይ ሒሳቡ ይለያል። ትልቅ ኤስዩቪ በኤሌክትሪክ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ፣ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምሮ ከግድግዳው 27 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይስባል። ያው መኪና ባትሪው ባዶ ሲሆን ለዚያው መንገድ 9 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይፈልጋል። ስለዚህ 1 ሊትር ቤንዚን ከ3 ኪሎዋት ሰዓት ጋር ይመጣጠናል፤ የ3 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ከ1 ሊትር ቤንዚን የሚረክስ ከሆነ መሙላት ያዋጣል። ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆማል። ንጽጽሩ ግን አላለቀም፤ መኪናው መወዳደር ያለበት ባትሪው ካለቀበት ከራሱ ጋር ሳይሆን በእሱ ፋንታ ሊገዙት ከነበረው ጋር ነው። ተቀራራቢ መጠን ያለው ሙሉ ሃይብሪድ ያንኑ 100 ኪሎ ሜትር በ7 ሊትር አካባቢ ይሄደዋል። በእሱ ሲለካ 1 ሊትር ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሩብ በታች ካልሆነ፣ በሶኬት የሚሞላው በየቀኑ እየተሞላም ከሙሉ ሃይብሪዱ አይረክስም። የቤት ታሪፍ ይህን ፈተና ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ የፈጣን መሙያ ጣቢያ ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ይወድቅበታል። የራስዎን የመብራት ደረሰኝ አውጥተው ከነዳጅ ማደያው ዋጋ ጋር ያስተያዩት፤ ለሁለት ደቂቃ ሥራ የሚያስገኘው ጥቅም ትልቅ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በየቀኑ ከተሞላ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ያወጣው ሪፖርት በ2021 የተመዘገቡ መኪኖች ራሳቸው የመዘገቡትን ፍጆታ ሰብስቦ ነበር። በሶኬት የሚሞሉት መንገድ ላይ የለቀቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቤተ ሙከራ ከተለካው በአማካይ 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ በቤንዚንና በናፍጣ ብቻ በሚሄዱት ላይ ልዩነቱ 20 በመቶ አካባቢ ነበር። ካርቦኑ የሚወጣው ከተቃጠለው ነዳጅ ስለሆነ ይህ የነዳጅ ወጪም ታሪክ ነው። ዋናው ምክንያት ባለቤቶቹ መለኪያው የገመተውን ያህል አለመሙላታቸው ነው። ስለዚህ ብሮሹር ላይ «በ100 ኪሎ ሜትር 1.2 ሊትር» የሚል ቁጥር ካዩ በጀትዎ ውስጥ አያስገቡት። ሳይሞላ የሚነዳ ፕላግ ኢን 300 ኪሎ ገደማ ትርፍ ክብደት ተሸክሞ የሚሄድ የቤንዚን መኪና ነው።

ሰርቪስ፦ ምን ቀረ፣ ምን ተጨመረ

ሃይብሪድ ሲባል ሁለት ሞተር ስላለው ሰርቪሱም እጥፍ ነው የሚል እምነት አለ። ሙሉ ሃይብሪድ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የሌክሰሱን ኮፈን ሲከፍቱ ሞተሪኖ የለም፣ ዲናሞ የለም፤ ሁለቱንም ሥራ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ ሞተሮችና አንድ የቮልቴጅ መቀየሪያ ይሠሩታል። ፍሪሲዮን የለም። ካምቢዮው ሲቪቲ (የማርሽ ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ) ቢባልም ከተለመዱት ሲቪቲዎች ጋር በስም እንጂ በአሠራር አይገናኝም፤ የሚበጠስ የብረት ቀበቶ የለውም፣ ሁሌም በተያያዙ የፕላኔታሪ ጥርሶች፣ ማለትም አንዱን መሐል አድርገው በዙሪያው በሚዞሩ ጥርሶች፣ ነው የሚሠራው። ማርሽ ስለማይቀይር የሚያልቅ ዲስክ የለበትም። አርኤክስ 500ኤች ከዚህ ይለያል፤ እሱ ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ለፍጥነት የተሠራ መኪና ነውና ስለ አስተማማኝነቱ ሲሰሙ ከወንድሞቹ ጋር አንድ አድርገው አይውሰዱት።

የፍሬን ሸራም ዕድሜው ይረዝማል፤ ፍጥነት የመቀነሱን ሥራ በብዛት የሚሠራው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሆነ። ግን ይህ ራሱ ሌላ ችግር ይወልዳል። ፍሬኑ በቂ ሥራ ሲያጣ ዲስኩ ይዝጋል፣ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒን ይጣበቃል፤ ሸራው ገና ወፍራም ሆኖ ሳለ አንዱ ጎን ብቻ ተበልቶ ይገኛል። በዓመት አንዴ ጎማዎቹ ወጥተው ፒኖቹ ይጽዱና ቅባት ይግባላቸው። የፍሬን ዘይትም ቢሆን ሸራው አላለቀም ተብሎ አይተውም፤ ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር ያዛሉ።

ከተጨመሩት ነገሮች ውስጥ ትንሿና ትልቅ ጉዳት የምታመጣው የባትሪው ማራገቢያ ፊልትሮ ናት። በብዙ የሌክሰስ ሃይብሪዶች ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ሲሆን፣ የሚቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል በሚስበው አየር ነው። የኋላ ወንበሩ ግርጌ ላይ ፍርግርግ ያለበት የአየር መግቢያ ያያሉ። ሰው እዚያ ላይ ቦርሳ ይደግፍበታል፣ ምንጣፍ ይገፋበታል፤ አቧራውና የውሻ ፀጉሩም እዚያው ይጠራቀማል። ማራገቢያው ሲታፈን ባትሪው ይሞቃል፤ ባትሪን ደግሞ እንደ ሙቀት የሚገድለው ነገር የለም። ምልክቱ ለጆሮ ግልጽ ነው፦ ከኋላ ወንበር በኩል ፀጉር ማድረቂያ የመሰለ ድምፅ እየበረታ ይመጣል። ፊልትሮዋን አውጥቶ ማጽዳት ደቂቃዎች የሚፈጅ ሥራ ነው። አንዳንድ ጋራዦች ግን መኖሯንም አያውቁም፤ ሰርቪስ ባስገቡ ቁጥር በስሟ ጠርተው ይጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ሁለተኛው የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ እንዲስማማ የሚቀይረው ክፍል) ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ከሞተሩ ራዲያተር የተለየ የራሱ ጋንና የራሱ ፓምፕ አለው። በቶዮታና በሌክሰስ የጥገና መርሃ ግብር የሞተሩ ፈሳሽ መጀመሪያ የሚቀየረው በ160,000 ኪሎ ሜትር፣ የኢንቨርተሩ በ240,000 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም በየ80,000 ነው። ጊዜው ረጅም በመሆኑ ይረሳል። ጋኑ ውስጥ ፈሳሹ ከጎደለ ወይም ፓምፑ ከቆመ የሚቃጠለው ኢንቨርተሩ ነው፤ እሱም ከመኪናው ውድ ክፍሎች አንዱ ነው።

ሦስተኛውን ብዙ መካኒክ ስለሚስተው ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ ኤሲው። ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው በቺንጋ ሳይሆን በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ስለዚህ ውስጡ የሚገባው ዘይት ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት መሆን አለበት። ኤሲ ለመሙላት የሄደ መኪና ውስጥ የተለመደው የኮምፕሬሰር ዘይት ትንሽ እንኳ ከገባ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ አካሉ መፍሰስ ይጀምራል፤ መኪናውም ይህን ሲያውቅ አልነሳም ይላል። ያኔ ኮምፕሬሰሩን ብቻ ሳይሆን ቱቦዎቹንና ሌሎቹንም የኤሲ ክፍሎች መቀየር ሊመጣ ይችላል። የኤሲ ባለሙያው ለሃይብሪድ የተለየ ዘይትና ንጹሕ ማሽን ከሌለው ይመለሱ።

ትንሿን 12 ቮልት ባትሪም አይናቋት። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ ከሞተች መኪናው ወደ «ዝግጁ» አይገባም። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ቢያንስ በየሳምንቱ አስነስተው ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዉት። ሲገዟትም በዓይነቷ ይተኳት፤ ብዙ ጊዜ ያለችው በሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ስለሆነ ጋዟን ወደ ውጭ የምታወጣበት ቱቦ ያላት መሆን አለባት።

ትልቁ ባትሪ

ሰውን ከሃይብሪድ የሚያሸሸው ይኸው ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ መጠኑ ግን ከእውነታው ይበልጣል።

የአርኤክስ 400ኤችና የ450ኤች ባትሪ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፤ 240 ሴሎች በ30 ሞጁል፣ ማለትም በ30 ጥቅል፣ ተደርድረው 288 ቮልት ይሰጣሉ። መኪናው ይህን ባትሪ ጥግ ድረስ አይሞላውም፣ ጥግ ድረስም አያወርደውም፤ በመሐል ብቻ ያሠራዋል። ዕድሜው የሚረዝመው በዚህ ነው። አዳዲሶቹ፣ ለምሳሌ ኤንኤክስ 350ኤች፣ ሊቲየም አዮን ይዘዋል። በሶኬት የሚሞሉት ሁሉም ለማለት ይቻላል ሊቲየም ናቸው፤ ነገር ግን የሚሠሩበት ስፋት የተለየ ነው፦ በየቀኑ እስከ ላይ ይሞላሉ፣ እስከ ታች ይወርዳሉ። በሙቀት ቦታ ሙሉ ሆኖ ለሳምንታት መቆም ሊቲየምን ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ጉዞ ሲሄዱ ግማሽ ላይ ትተውት ይሂዱ።

ዋስትናው በብዙ አምራቾች 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀድሞ የመጣው ይሠራል። ሌክሰስ ለአሜሪካ ገበያ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ወደ 10 ዓመት ወይም 240,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አሳድጎታል። ሆኖም ዋስትና የሚጠቅመው መኪናው ባለበት አገር የሚያስከብረው ወኪል ሲኖር ነው። ከሌላ ገበያ የመጣ መኪና ላይ የተጻፈ ዋስትና ብዙ ጊዜ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው ነው። በሶኬት ለሚሞላ ደግሞ አቅሙ በስንት በመቶ ሲቀንስ ዋስትናው እንደሚሠራ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ባትሪው ሲደክም ሦስት መንገድ አለ፦ አዲስ መግዛት፣ የታደሰ መግዛት፣ ወይም የሞተውን ሞጁል ብቻ ማስቀየር። ሦስተኛው ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። እኔ የምመክረው መኪናውን በቅርቡ የማይሸጥ ሰው እንዳይሞክረው ነው። 30 ሞጁሎች አብረው አርጅተዋል፤ አንዱ ከሞተ ሌሎቹም ተራ ጠባቂ ናቸው። አዲስ የገባውም ከአሮጌዎቹ ጋር እኩል ስለማይሠራ ሚዛኑን ያዛባል፤ ከወራት በኋላ ያው የማስጠንቀቂያ መብራት ተመልሶ ይበራል። አስታዳሹ ሁሉንም ሞጁሎች ሞክሮ፣ አመዛዝኖና የራሱን ዋስትና ሰጥቶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በሶኬት የሚሞላው ዋስትናው ሲያልቅ

እዚህ ላይ አቋሜን ግልጽ ላድርግ፦ የጀርመን ወይም የቮልቮ ፕላግ ኢን በዋስትና ጊዜው ውስጥ ድንቅ መኪና ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ኪስ የሚያራቁት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። ሙሉ ሃይብሪዱ ብዙ ክፍሎችን አስቀርቶ ሌሎችን ተካ። ፕላግ ኢኑ ግን ባለ ቱርቦ ሞተሩንና ባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲኩን ሳይነካ የኤሌክትሪኩን ሁሉ ጨመረበት። ኤክስ5 ላይ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ያለው ዜድኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በሚሠራው ካምቢዮ ውስጥ ነው። የዚህን ካምቢዮ ዘይት ዜድኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲቀየር ይመክራል፤ «ለዕድሜ ልክ ነው» ቢሉዎትም ያስቀይሩት። የቮልቮ ቲ8 ደግሞ የኋላ ጎማዎቹን የሚነዳቸው በኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ የለውም። የኋላው ሞተር ከተበላሸ መኪናው በፊት ጎማ ብቻ ይቀራል።

በላዩ ላይ መሙያው አለ፣ የመሙያ ቀዳዳው አለ፣ የባትሪው ማቀዝቀዣ አለ። በብዙዎቹ ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከኤሲው ጋር በተያያዘ መስመር ስለሆነ የኤሲ ጋዝ መፍሰስ ምቾት ማጣት ብቻ አይደለም፤ የባትሪ ጉዳይ ነው። የነዳጅ ጋኑም በግፊት የታሸገ ስለሆነ ክዳኑ በቁልፍ ታዝዞ ግፊቱ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ ያ ሥርዓት ሲበላሽ ነዳጅ መቅዳት ራሱ ጣጣ ይሆናል።

ሞተሩም በሌላ መንገድ ይጎዳል። ለሳምንት ዝም ብሎ ከርሞ፣ ባለቤቱ ድንገት ነዳጅ ሲረግጥ ገና ሳይሞቅ ሙሉ ኃይል አምጣ ይባላል። ለአጭር ጊዜ ብቻ ሲነሳ ቤንዚኑ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ «ሞተሩ ብዙ አልሠራም» ብለው የዘይት ቅያሪ አያዘግዩ፤ ኪሎ ሜትሩ ባይደርስ እንኳ ዓመቱ ሲሞላ ይቀየር። በየሁለት ሳምንቱም ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ረዘም ያለ መንገድ ይንዱት።

ሃይብሪድ ባይሆንም የሚከፈለው

ብዙ ሰው «ሃይብሪዱ አስቸገረኝ» ሲል ያስቸገረው ቅንጦቱ ነው። በአየር የሚሠራ ተንጠልጣይ ያለው መኪና ፊኛው ሲያረጅ ያፈስሳል፣ ኮምፕሬሰሩም ያንን ለማካካስ ሲሮጥ ይቃጠላል፤ ከተራ ሞላና አሞርዛቶሪ ጋር ዋጋው አይወዳደርም። ባለ 21 እና 22 ኢንች ጎማ ውድ ነው፣ በፕላግ ኢን ክብደት ደግሞ ቶሎ ያልቃል። የፊት መብራት አንድ ላይ ነው የሚቀየረው። ምርጫ ካለዎት ተራ ሞላ ያለውንና አነስ ያለ ቸርኬ የተገጠመለትን ይውሰዱ፤ መኪናው ምቾቱን አያጣም። ኢንሹራንስ ሲጠይቁ ባትሪው ከሥር ቢመታ ይሸፈን እንደሆነ ያረጋግጡ።

ማን ይነካዋል?

መኪናውን ከመምረጥዎ በፊት ጋራዡን ይምረጡ። አርኤክስ 450ኤች ላይ የባትሪው 288 ቮልት በኢንቨርተሩ እስከ 650 ይወጣል፤ በብርቱካናማ ገመድ የሚያልፈው ይህ ነው። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ከመንካቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ ዓይንዎ ያየዋል፦ መኪናውን ያጠፋል፣ ቁልፉን ያርቃል፣ የ12 ቮልቱን ይነቅላል፣ እስከ 1,000 ቮልት የሚከላከል ጓንት ያጠልቃል፣ የባትሪውን መቁረጫ ሶኬት አውጥቶ ኪሱ ይከታል፣ ከዚያ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ ይዘው የሚቆዩት ክፍሎች) እስኪራገፉ 10 ደቂቃ ይጠብቃል፣ በመጨረሻም በቮልት መለኪያ ዜሮ መሆኑን ያረጋግጣል። ይህን የማያደርግ ሰው ራሱንም መኪናውንም አደጋ ላይ ይጥላል። የዚያን ብራንድ መመርመሪያ ሶፍትዌር መያዙንም ይጠይቁ። ኮድ ብቻ የሚያነብ ርካሽ መሣሪያ ፒ0ኤ80 ብሎ «ባትሪ ቀይር» ይላል፤ ቮልቴጁ የወረደው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ወይም ችግሩ የዛገ ማገናኛ ብቻ እንደሆነ አይነግርዎትም።

ጎትቶ የሚወስደውንም ሰው ያስጠንቅቁት። ሃይብሪድ የሚነዱት ጎማዎቹ መሬት ላይ እየዞሩ አይጎተትም፤ ጎማው ሲዞር የኤሌክትሪክ ሞተሩ ኃይል ያመነጫል። ሙሉ በሙሉ መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ።

እንግዲህ የቱ?

ከስድስትና ከሰባት ዓመት በላይ ይዞ ለመቆየት የሚፈልግ፣ ወይም ዋስትናው ያለቀ መኪና የሚገዛ ሰው ሙሉ ሃይብሪድ ይውሰድ። በዚህ ላይ አላመነታም። በአጠቃላይ ሲታይ የመሸጫ ዋጋውም ከፕላግ ኢን ይልቅ ይጸናል፤ መለዋወጫውና ባትሪውን የሚያውቀው መካኒክም ይበዛል። ጉልበትና የመሪ ስሜት የሚወድ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ የፕላኔታሪ ካምቢዮው ሲረገጥ ሞተሩ መጮኹ ሁሉም የሚወደው ጠባይ አይደለም። ይህን ሳይነዱ አይወስኑ።

ቤቱ ሶኬት ያለው፣ የዕለት ጉዞው በባትሪው ርቀት ውስጥ የሚያልቅ፣ አዲስ ገዝቶ ዋስትናው ሳያልቅ የሚሸጥ ሰው ፕላግ ኢኑን ቢወስድ ተጠቃሚ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በጸጥታ በኤሌክትሪክ፣ ለረጅም ጉዞ በቤንዚን፤ ይህን ሁለቱን የሚሰጥ ሌላ መኪና የለም። ከሁሉ የሚከፋው ምርጫ ሶኬት የሌለው ሰው ስለረከሰ ብቻ የሚገዛው፣ ዋስትናው ያለፈና ባትሪው ትንሽ የሆነ የ2015 ወይም የ2016 ፕላግ ኢን ነው። ዋጋው የወደቀበት ምክንያት አለው።

ያገለገለ ከሆነ

ሙሉ ሃይብሪድ ሲሞክሩ የባትሪውን ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ ከፍተው ዳገት ይውጡ፣ ቁልቁለት ይውረዱ። ጤነኛ ባትሪ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሙሉ ወደ ባዶ፣ ከባዶ ወደ ሙሉ የሚዋልል ከሆነ ደክሟል። ከዚያ በመመርመሪያው የእያንዳንዱን የባትሪ ክፍል ቮልቴጅ መኪናው ከባትሪው ኃይል እየሳበ ሳለ ያስነብቡ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተነጥሎ የሚወርድ ከሆነ ዋጋውን የባትሪ ወጪ ቀንሰው ይደራደሩ፣ ወይም ይተዉት። የሰርቪስ መዝገቡ ላይ የማራገቢያው ፊልትሮ መጽዳቱና የኢንቨርተሩ ፈሳሽ መታየቱ ተጽፎ ካገኙ ባለቤቱ መኪናውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ፕላግ ኢን ላይ ዳሽቦርዱ የሚያሳየውን ርቀት አይመኑ፤ እሱ ከቅርብ ጊዜ አነዳድ ተነሥቶ የሚገምት ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ እስኪያበቃ ይንዱት፣ ከዚያ በቆጣሪ በኩል ሙሉ እስኪሆን ይሙሉትና የገባውን ኪሎዋት ሰዓት ያንብቡ። የ2023ቱ ኤክስ5 ለምሳሌ ጥቅም ላይ የሚውለው አቅሙ 25.7 ነው፤ የሚባክነው ሲጨመር ቆጣሪው 28 ወይም 29 አካባቢ ማሳየት አለበት። 23 ላይ ከቆመ ከአቅሙ አንድ አምስተኛው ገደማ ሄዷል ማለት ነው። ሻጩ ለዚህ አንድ ሌሊት ካልፈቀደልዎ ሌላ መኪና ይፈልጉ።